ከሁሉ በታች ያለው አለት

ማረሻችሁን የሚያዶለዱመው ድንጋይ ሁሉ እኩያ እንዳይመስላችሁ። የስሜን ተራሮች ጥቁር ድንጋይ ቀልጦ የፈሰሰው የዛሬ 30 ሚሊዮን ዓመት ግድም ነው። ይህ እንኳ በድንጋይ ዘንድ ገና ልጅ ነው! በትግራይ፣ በወለጋና በአዶላ ከሥር ብቅ የሚለው አለት ግን ከ540 ሚሊዮን ዓመት በላይ ሆኖታል። ስሙ ይከብዳል፤ ቀስ ብላችሁ አንብቡት፦ ፕሪ - ካም - ብሪ - ያን።

ታዲያ ይህ አለት ምን ይነግረናል? እዚህ ባሕር ነበረ፤ በባሕሩም ውስጥ እሳተ ገሞራ የወለዳቸው ደሴቶች። ከሁለት ወገን የመጣ ምድር ባሕሩን ዘጋው። ደለሉና ደሴቶቹ ተጨፍልቀው ታጠፉ፤ ሸክላ በእሳት እንደሚጠነክር በምድር ሙቀት ጠነከሩ፤ ተራራም ሆኑ። ያንን ተራራ ጎርፍና ነፋስ በልተው ጨረሱት፤ የቀረው ሥሩ ነው። በስንጥቁ የገባ ትኩስ ውሃ ወርቅን ከነጭ ኳርትዝ ጋር አስቀረ። የአዶላ ወርቅ ከዚህ የመጣ ነው።

የጉድጓድ ነገርም አለ። ይህ አለት እንደ አሸዋ ድንጋይ ውሃ አይመጥም፤ ውሃ የሚገኘው በስንጥቁና ከላይ በበሰበሰው ክፍል ነው። ስለዚህ መንደራችሁ ሲቆፍር በበጋ ሣሩ ቶሎ የማይደርቅበትን ዝቅ ያለ ቦታ ይምረጥ። ስንጥቅ የሌለው ደረቅ አለት ከገጠማችሁ ግን ጉልበታችሁን አትጨርሱ፤ ቦታ ቀይሩ።