አህያ ዝም ስላለች አላመማትም ማለት ነው?

ጥያቄ፦ ያደግሁት አትክልት ተራ፣ ሽንኩርትና ድንች የተጫኑ አህዮችን እያየሁ ነው። በልጅነቴ አህያ ዱላ አይሰማትም ሲባል እሰማ ነበር። አሁን የልጅ ልጄ «ያማታል» እያለች ትሟገተኛለች። ሳይንሱ ምን ይላል?

መልስ፦ የልጅ ልጅዎ ልክ ናት። አህያም እንደ እኛው ሕመም የሚያስተላልፉ ነርቮችና ሕመሙን የሚቀበል አንጎል አላት። ዝም የምትለው የተዳከመ እንስሳ ለአውሬ ስለሚጋለጥ ነው፤ ሕመሟን መደበቅ ተፈጥሮዋ ነው። እርስዎ በልጅነትዎ የሰሙትን ብዙ የተማሩ ሰዎችም ያምኑት ነበር። በ2012 እ.ኤ.አ. ግን ካምብሪጅ የተሰበሰቡ የአንጎል ተመራማሪዎች አጥቢ እንስሳትና ወፎች ለንቃተ ህሊና የሚያበቃ የአንጎል መሠረት እንዳላቸው በጋራ መግለጫ አስታወቁ።

ሕመሟ የሚታወቀው በጥቃቅን ምልክቶች ነው፦ ጆሮዋ ይወድቃል፣ ዓይኗ ይፈዛል፣ ከጓደኞቿ ትለያለች፣ መኖ ትቀንሳለች። ጨርሶ መብላት ካቆመች የሰውነቷ ስብ ወደ ደም ገብቶ ሊገድላት ስለሚችል በዚያው ቀን ለእንስሳት ሐኪም ትታይ። ጀርባዋ የተላጠ አህያ ቁስሏ እስኪድን አትጫን፤ ስትጫንም ከጭነቱ ሥር ወፍራምና ንጹሕ ድልድል ይደረግላት። ይህን ለሚያውቋቸው ባለአህዮች ይንገሩ፤ እርስዎን ይሰሙዎታል።