ወንዝ ለከተማ የሚሰጠው መልክ

፩፤ ስለ ወንዝ በጠቅላላው

ከሰማይ የሚወርደው ዝናም በሦስት ይከፈላል። አንደኛው ክፍል በፀሐይ ሙቀት ተንኖ ወደ ሰማይ ይመለሳል፤ ሁለተኛው ክፍል ወደ መሬት ውስጥ ሰርጎ ኋላ በምንጭ ይወጣል፤ ሦስተኛው ክፍል በመሬት ገጽ ላይ ጐርፎ ወደ ዝቅተኛ ሥፍራ ይወርዳል። የምንጩ ውሃና የጐርፉ ውሃ ተገናኝተው በአንድ መውረጃ ሲሄዱ ወንዝ ይባላሉ።

ወንዝ የማያርፍ ሠራተኛ ነው። አፈር ይጠርጋል፤ ድንጋይ ያንከባልላል፤ ሸለቆ ይቈፍራል፤ የተሸከመውንም ደለል በሜዳ ላይ ያነጥፋል። «ዓባይ ማደሪያ የለው፤ ግንድ ይዞ ይዞራል» የሚለው የአገር ተረት ይህንኑ የወንዝ ጠባይ ያስታውሳል።

ሰው ያለ ውሃ መኖር ስለማይችል ከጥንት ጀምሮ መንደሩንና ከተማውን በውሃ አጠገብ ሠርቷል። ስለዚህ የብዙ ከተማ መልክ ቤቱና መንገዱ ከመሠራቱ አስቀድሞ በወንዙ ተወስኖ ነበር። ይህ ነገር በምሳሌ እንዲታወቅ ከዚህ ቀጥሎ የሦስት ከተሞች ነገር ይነገራል፤ እነርሱም ባሕር ዳር፥ አዲስ አበባና ድሬ ዳዋ ናቸው።

፪፤ ባሕር ዳርና የዓባይ ፏፏቴ

ባሕር ዳር በጣና ሐይቅ ደቡብ ዳርቻ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ስሟም ይህንኑ ይናገራል። ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የተኛ፥ ስፋቱም ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚበልጥ ሐይቅ ነው። በጥንት ዘመን ከእሳተ ገሞራ የፈሰሰው የቀለጠ ድንጋይ በውሃው መውጫ ላይ ቀዝቅዞ እንደ ግድብ ስለ ቆመ፥ ውሃው ተከማችቶ ሐይቅ ሆነ። ዓባይ ከዚህ ሐይቅ የሚወጣው በባሕር ዳር አጠገብ ነው። ምድሩ ሜዳ ስለ ሆነ የከተማዪቱ መንገዶች ሰፊና ቀጥ ያሉ ናቸው፤ በዳርና ዳራቸውም ዘንባባ ተተክሎባቸዋል።

ወንዙ ከከተማዪቱ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ከሄደ በኋላ ከ40 ሜትር በላይ ከሆነ ገደል ላይ ይወድቃል። ውሃው ሲወድቅ የሚነሣው ጉም ከሩቅ ጢስ ስለሚመስል ሥፍራው ጢስ ዓባይ ተባለ። ክረምት በበረታ ጊዜ የፏፏቴው ስፋት 400 ሜትር ያህል ይደርሳል፤ ፀሐይም በወጣች ጊዜ በጉሙ ላይ የማርያም መቀነት ይታያል።

ፏፏቴ የሚሆንበት ምክንያት ይህ ነው። በወንዙ መሄጃ ላይ ጠንካራና ደካማ ድንጋይ ተከታትለው ሲገኙ ውሃው ደካማውን ቶሎ ይበላዋል፤ ጠንካራው ግን ይቆያል። በዚህ ጊዜ በመካከላቸው እንደ ደረጃ ያለ ገደል ይሆናል። የሚወድቀው ውሃ ደግሞ የገደሉን እግር እየቦረቦረ ከላይ ያለውን ድንጋይ ድጋፍ ያሳጣዋል፤ ድንጋዩም በየዘመኑ እየተናደ ይወድቃል። ስለዚህ ፏፏቴ ለዘላለም በአንድ ሥፍራ አይቆምም፤ እጅግ በዝግታ ወደ ኋላው፥ ማለት ወደ ወንዙ ምንጭ ይሄዳል። ከፏፏቴው በታች ወንዙ ዓለቱን ቈፍሮ ጠባብ መውረጃ አበጅቷል፤ በዐፄ ሱስንዮስ ዘመነ መንግሥት የተሠራው የድንጋይ ድልድይ በዚያ አካባቢ የተተከለውም ወንዙ ስለ ጠበበ ነው።

የሚወድቅ ውሃ ኀይል አለው። በዚህ ኀይል መዘውር ተዙሮ የኤሌክትሪክ መብራት ይገኛል። በጢስ ዓባይ የመጀመሪያው የኤሌክትሪክ ማመንጫ በ1950ዎቹ፥ ሁለተኛውም በ1990ዎቹ ዓመታት ተሠራ። በግንቦት ወር 2002 ዓ.ም. ደግሞ 460 ሜጋ ዋት ማመንጨት የሚችለው የጣና በለስ ማመንጫ ተመረቀ። ይህ ማመንጫ የጣናን ውሃ በ12 ኪሎ ሜትር ያህል ዋሻ ወደ በለስ ወንዝ ይወስደዋል፤ የበለስም ውሃ ኋላ ከዓባይ ጋር ይገናኛል፤ ነገር ግን የሚገናኘው ከፏፏቴው እጅግ ርቆ በታች ነው።

ከዚህ የተነሣ በበጋ ጊዜ ፏፏቴው እንደ ቀድሞው አልሆነም። ገደሉን ሁሉ ሸፍኖ ይወርድ የነበረው ውሃ ቀጥኖ ዓለቱ ባዶውን የሚታይበት ጊዜ ብዙ ነው። መብራት ለሆስፒታል፥ ለፋብሪካና ለትምህርት ቤት ያስፈልጋል፤ ፏፏቴውም የአገር ጌጥ ከመሆኑ በላይ መንገደኛ እየመሩ፥ በጀልባ እያሻገሩ ለሚኖሩ የመንደሩ ሰዎች እንጀራ ነው። አንዱ ውሃ በአንድ ጊዜ በሁለት መንገድ ሊሄድ አይችልም። ስለዚህ ለመብራት ምን ያህል፥ ለፏፏቴውስ ምን ያህል ይተው የሚለው ነገር በሚዛን የሚፈረድ እንጂ ለአንዱ ብቻ የሚደላ አይደለም።

፫፤ አዲስ አበባና የእንጦጦ ወንዞች

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. በዳግማዊ ምኒልክና በእቴጌ ጣይቱ ፈቃድ በፍልውሃ አጠገብ ተቈረቈረች። ከሰሜን በኩል ያለው የእንጦጦ ተራራ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ አለው፤ በደቡብ ያለው የአቃቂ ሜዳ ግን ወደ 2,100 ሜትር ይወርዳል። ስለዚህ ቀበና፥ ግንፍሌ፥ ቀጨኔና ሌሎችም ወንዞች ከተራራው ተነሥተው ከተማዪቱን እየሰነጠቁ ወደ ደቡብ ይወርዳሉ።

የከተማዪቱ መልክ የመጣው ከዚህ ነው። መኳንንቱ በየጉብታው ላይ ግቢያቸውን ሠሩ፤ ጭፍሮቻቸው በዙሪያቸው ሰፈሩ፤ ወንዞቹም የአንዱን ሰፈር ከሌላው ሰፈር ለዩ። መንገዱ ሸለቆውን እየዞረ ስለ ተሠራ ጠመዝማዛ ሆነ፤ ከሰፈር ወደ ሰፈር መሻገሪያውም ድልድይ ሆነ። ራስ መኰንን ድልድይን የመሰለው ድልድይ የሰፈር ስም እስከ መሆን ደረሰ።

እነዚህ ወንዞች በትንሹና በትልቁ አቃቂ ተጠቃለው ወደ አባ ሳሙኤል ሐይቅ ይገባሉ፤ ከዚያም ወደ አዋሽ ይወርዳሉ። አዋሽ ባሕር የማይደርስ ወንዝ ነው፤ በአፋር ምድር በአቤ ሐይቅ ያልቃል። እንግዲህ በእንጦጦ ሥር ወደ ወንዝ የተጣለ ነገር ወደ ባሕር ሄዶ አይጠፋም፤ በአገር ውስጥ በሌላ ሰው ደጅ ያልፋል።

ከተማዪቱ ስትሰፋ የቤቱ እድፍና የፋብሪካው፥ ይልቁንም የቆዳ ፋብሪካው ዝቃጭ ወደ ወንዞቹ ተለቀቀ። ቀድሞ ልብስ ይታጠብባቸው የነበሩት ወንዞች ጠቈሩ፤ ሽታቸውም ከፋ። ከበታች ያለው ገበሬ በዚሁ ውሃ ጐመንና ሰላጣ ያጠጣል፤ አትክልቱም ወደ ከተማዪቱ ገበያ ይመለሳል። ሊቃውንት በመረመሩት ጊዜ ከፋብሪካ የሚወጣ የብረት መርዝ በውሃውም በአትክልቱም ተገኝቷል። እንዲህ ሆኖ ከላይ የጣለው ሰው የጣለውን በገበታው ላይ ያገኘዋል። በ2011 ዓ.ም. የወንዞቹን ዳር የማልማትና የማጽዳት ሥራ ተጀምሯል፤ ነገር ግን ከየቤቱና ከየፋብሪካው የሚለቀቀው እድፍ ካልቆመ የወንዝ ዳር ማሳመር ብቻውን ውሃውን አያጠራም።

፬፤ ድሬ ዳዋና የደቻቱ ወንዝ

የባቡር ሐዲድ ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1895 ዓ.ም. ድሬ ዳዋ ደረሰ። ሐዲዱ ወደ ሐረር ተራራ መውጣት ስላልቻለ ከተራራው ሥር በሜዳው ላይ አዲስ ከተማ ተሠራ። የደቻቱ ወንዝ ከተማዪቱን ለሁለት ይከፍላታል፤ በአንድ ወገን ቀጥ ያለ መንገድና ዛፍ ያለበት ከዚራ፥ በሌላው ወገን የጥንቱ ገበያ ያለበት መጋላ ይገኛል።

ደቻቱ በዓመቱ የበዛው ክፍል ውሃ የሌለበት አሸዋ ነው። ሰው ይሻገርበታል፤ ገበያ ይቆምበታል። ይህ ግን ሰውን አታለለ። በከተማዪቱ ላይ ሰማይ ጠርቶ ሳለ በሐረርጌ ደጋ ላይ ዝናም ሊዘንም ይችላል፤ ደኑ የተመነጠረበት ቁልቁለትም ውሃውን ሳይዝ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ይለቀዋል። በሐምሌ ወር መጨረሻ 1998 ዓ.ም. በሌሊት ሰው ተኝቶ ሳለ ታላቅ ጐርፍ በደቻቱ መጣ። በወንዙ ዳር የነበሩትን ቤቶች ጠረገ፤ ከ200 የሚበልጡ ሰዎች ሞቱ፤ በሺህ የሚቈጠሩም ቤት አልባ ሆኑ። ከዚያ በኋላ በወንዙ ዳርና ዳር ጐርፍ መከላከያ ግንብ ተሠራ። ነገር ግን ግንቡ በታች ነው፤ ጐርፉ የሚወለደው ከላይ ከደጋው ነው።

፭፤ ከዚህ የሚገኝ ትምህርት

የሦስቱ ከተሞች ነገር አንድ ቃል ይናገራል፤ ይኸውም ከላይ የሚኖር ሰው የሠራው ሥራ ከታች የሚኖረውን ሰው ይነካዋል ማለት ነው። የገጠር ልጅ «ይህ የከተማ ነገር ነው» ብሎ ሊተወው አይገባም፤ የከተማው ወንዝ የሚነሣው ከገጠሩ ተራራ ነውና። ስለዚህ፥

ቁልቁለት መሬት የሚያርስ ገበሬ እርከን ይሥራ፤ ትልሙንም ወደ ታች ሳይሆን አግድም ያውጣ።

በምንጭና በወንዝ ዳር ያለው ዛፍና ሣር አይመንጠር፤ ሥሩ አፈሩን ይይዛልና።

መጸዳጃ ቤት ከውሃ ርቆ ይቈፈር፤ የሞተ ከብትም ወደ ወንዝ አይጣል።

በደረቅ ወንዝ ውስጥ ቤት አይሠራ፤ ከብትም አይታሰር። ከላይ ነጐድጓድ የሰማ ሰው ፈጥኖ ወደ ከፍታ ይውጣ።

ጥያቄዎች

፩ኛ፤ የዝናም ውሃ በስንት ይከፈላል? እያንዳንዱስ ክፍል ወዴት ይሄዳል?

፪ኛ፤ ፏፏቴ ወደ ኋላው የሚሄደው ስለ ምንድን ነው?

፫ኛ፤ የባሕር ዳር መንገድ ቀጥ ያለ፥ የአዲስ አበባ መንገድ ግን ጠመዝማዛ የሆነበት ምክንያት ምንድን ነው?

፬ኛ፤ ሰማዩ በጠራበት ከተማ ጐርፍ እንዴት ሊመጣ ይችላል?

፭ኛ፤ በትምህርት ቤታችሁ አቅራቢያ ያለው ወንዝ ከየት ይነሣል? ወደ የትኛውስ ወንዝ ይገባል? ከእናንተ በታች ውሃውን የሚጠጡት እነማን ናቸው?