ርቀትን መለካትና ዒላማን መምታት፦ የጋይሮስኮፕ ማነጣጠሪያ አካላትና የስሕተቱ ምንጭ

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ተዋጊ አብራሪዎችን የገጠማቸው ዋነኛ የተኩስ ችግር፣ ጥይቱ በአየር ላይ ሳለ ዒላማው ከቦታው መነሣቱ ነው። ስለዚህ የሚተኮሰው ዒላማው ወዳለበት ሳይሆን ጥይቱ በሚደርስበት ቅጽበት ወደሚገኝበት ነጥብ ነው። በሁለቱ አቅጣጫዎች መካከል ያለው ልዩነት በዚህ ጽሑፍ «ቀዳሚ ማዕዘን» ይባላል። ጽሑፉ ይህን ማዕዘን ያሰላ የነበረውን የብሪታንያ ጋይሮስኮፕ ማነጣጠሪያ በየአካሉ ይመረምራል፤ ከሚዞረው ጋይሮስኮፕ ይልቅ የርቀት ልኬቱ የስሕተት ምንጭ እንደ ነበረም ያሳያል።

የመሣሪያው መሠረት አየርላንዳዊው ሃዋርድ ግረብ እ.ኤ.አ. በ1900 ያቀረበው አንጸባራቂ ማነጣጠሪያ ነው። በዚህ ስልት አምፖል ምልክት የተቀረጸበትን ሰሌዳ ያበራል፤ ሌንስ ጨረሮቹን ትይዩ ያደርጋል፤ ዘንበል ያለ መስታወት ወደ ዓይን ይመልሳቸዋል። ምልክቱ እጅግ ሩቅ እንዳለ ነገር ስለሚታይ የአብራሪው ራስ ጥቂት ቢንቀሳቀስም አቅጣጫው አይዛባም። ቀዳሚውን ማዕዘን መገመት ግን ለአብራሪው የተተወ ነበር።

በፋርንቦሮ ይገኝ የነበረው የሮያል ኤርክራፍት ኢስታብሊሽመንት ይህን ግምት ለጋይሮስኮፕ አስረከበ። ማርክ 2 የተባለው ዓይነት እ.ኤ.አ. በ1944 በውጊያ ላይ ዋለ፤ ዩናይትድ ስቴትስም ለአየር ኃይሏ ኬ-14 በሚል ስያሜ አመረተችው። በመሣሪያው ውስጥ ከመስታወት ጋር የተያያዘ የብረት ጉልላት በኤሌክትሮማግኔቶች መካከል ይሽከረከራል። አውሮፕላኑ ሲታጠፍ ጋይሮስኮፑ ወደ ኋላ ይቀራል፤ በጉልላቱ ላይ የሚፈጠሩት የአዙሪት ጅረቶች ደግሞ ይስቡታል። ማግኔቱ ሲጠነክር የመዘግየቱ መጠን ያንሳል፤ ሲደክም ይጨምራል። በመስታወቱ የተንጸባረቀው ምልክት ስለሚዘገይ አብራሪው ምልክቱን ከዒላማው ላይ ለማቆየት አፍንጫውን አስቀድሞ ማዞር ግድ ይሆንበታል።

የማግኔቱን ጥንካሬ የሚወስነው ርቀት ነው። አብራሪው የጠላትን አውሮፕላን የክንፍ ስፋት በመደወያ ይሞላል፤ ከዚያም በሞተር ኃይል መቆጣጠሪያው ላይ ያለውን እጀታ እያዞረ የብርሃን ክቡን ከክንፎቹ ጫፎች ጋር ያስተካክላል።

ለምሳሌ ዒላማው በ400 ሜትር ርቀት፣ የእይታ መስመሩ በሰከንድ 10 ዲግሪ ሲዞር፣ የጥይቱም አማካይ ፍጥነት በሰከንድ 700 ሜትር ቢሆን፣ የበረራው ጊዜ 0.57 ሰከንድ፣ ቀዳሚው ማዕዘን 5.7 ዲግሪ ይሆናል፤ ይህም በዒላማው ዘንድ 40 ሜትር ያህል ነው። 10 ሜትር የሆነው የክንፍ ስፋት 12 ተብሎ ከተሞላ ርቀቱ 480 ሜትር ተብሎ ይሰላል፤ ማዕዘኑም 6.9 ዲግሪ ይደርሳል። ስለዚህ ጋይሮስኮፑ አንዳች እንከን ሳይኖርበት ጥይቱ 8 ሜትር ያህል ቀድሞ ያልፋል።

በኮሪያ ጦርነት የኤፍ-86 አውሮፕላን ርቀቱን በራዳር መለካቱ ለዚህ ድክመት የተሰጠ መልስ ነበር፤ የአውሮፕላኑን ዓይነት የመለየትና ክቡን የማስተካከል ሸክም ከአብራሪው ላይ ወረደ። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት፣ የስሌት መሣሪያን መገምገም ከስሌቱ ሳይሆን ወደ ስሌቱ ከሚገባው ልኬት መጀመር እንዳለበት ነው።