ድንኳን ወይስ ተሳቢ ቤት?
ከጎንደር ወደ ስሜን ለሚወጣ የተማሪዎች የጥናት ቡድን የቀረበ ትምህርት

ከቤቱ ርቆ በሜዳ የሚያድር ሰው ሁሉ ሦስት ነገር ያስፈልገዋል፤ ይኸውም ከዝናብና ከነፋስ የሚጋርደው ጣራ፥ ከመሬት ቅዝቃዜ የሚለየው ምንጣፍ፥ እንዲሁም ይህን ሁሉ እስከ ማደሪያው የሚያደርስለት ጉልበት ነው። ስለ ፊተኞቹ ሁለቱ ብዙ ይነገራል፤ ስለ ሦስተኛው ግን አስቀድሞ የሚያስብ ጥቂት ነው። በዚህ ጽሑፍ አበክረን የምንመለከተው ሦስተኛውን ነው። ምክንያቱም ወደ ስሜን ተራሮች ለሚወጣ ቡድን በድንኳንና በተሳቢ ቤት መካከል ያለውን ምርጫ የሚቈርጠው ምቾቱ ሳይሆን መንገዱ ነው። (የምንጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይገንዘብልን።)

1ኛ፤ ነገሩ ምንድን ነው?

ድንኳንን ማስረዳት አያሻም፤ ሸራ፥ ምሰሶ፥ ገመድና ካስማ ነው። ተሳቢ ቤት የምንለው ግን በአውቶሞቢል ኋላ የሚጎተት፥ ብዙ ጊዜ ሁለት ጎማ ያለው፥ በውስጡ አልጋና ማብሰያ የተሠራለት ትንሽ ቤት ነው፤ ፈረንጆች ካራቫን ይሉታል። ለመዝናኛ ጉዞ መሠራት የጀመረው በእንግሊዝ አገር ሲሆን፥ ጎርደን ስቴብልስ የተባለ ሐኪም በ1885 በፈረስ የሚጎተት እንዲህ ያለ ቤት አሠርቶ በአገሩ መንገድ ዞሮበታል። ዛሬ ለሁለት ሰው የሚሆነው ትንሹ ዓይነት ከ500 እስከ 750 ኪሎ ግራም ይመዝናል። የሁለት ሰው ድንኳን ግን ከ3 እስከ 4 ኪሎ ነው።

ተሳቢው ያለው ጥቅም በግልጽ ሊነገርለት ይገባል። ግድግዳው ነፋስ አያስገባም፤ አልጋው ከመሬት ከፍ ያለ ነው፤ ዕቃውን መጫንና ማራገፍ አያስፈልግም፤ ዝናብ በድንገት ቢመጣ በሩን ከፍቶ መግባት ብቻ ነው። ስለዚህ በወረቀት ላይ ሲታይ ተማሪን ሁሉ የሚያስመኝ ነገር ነው። ይሁን እንጂ አንድ ዕቃ በአንድ አገር ጠቃሚ ስለ ሆነ በሌላው አገር ይጠቅማል ማለት አይደለም።

2ኛ፤ የጎንደር ታሪክ የሚሰጠው ትምህርት

ይህ ምርጫ ለአገራችን አዲስ አይደለም። ዛሬ ከተማ የምንለው ቃል ጥንት የጦር ሰፈር ማለት ነበር፤ «ከተመ» ሲባል ንጉሡ ድንኳኑን ተክሎ ሰፈረ ማለት ነው። ከ1520 እስከ 1526 በአገራችን የቈየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ የዐፄ ልብነ ድንግልን ሰፈር አይቶ ጽፏል፤ የንጉሡ ድንኳን ከፍ ባለ ስፍራ ይተከላል፤ የሌላውም ቦታ እንደየማዕረጉ የተወሰነ ነው። ፊታውራሪ፥ ቀኛዝማች፥ ግራዝማች የሚሉት ማዕረጎች በጉዞና በሰፈር የነበረውን ሥርዓት እስከ ቅርብ ዘመን ሲያስታውሱ ኖረዋል። ያ ሁሉ ሕዝብ በአንድ ስፍራ ሲቈይ የአካባቢው እንጨትና እህል ያልቅ ነበርና ሰፈሩ መነሣት ግድ ይሆንበት ነበር። ለመነሣት ደግሞ የሚጠቀለልና በበቅሎ የሚጫን ቤት ያስፈልጋል።

በሌላው ወገን የድንጋይ ቤት አለ። ዐፄ ፋሲለደስ በ1636 ጎንደርን መናገሻ ካደረጉ በኋላ ግንቡ ተሠራ፤ ልጆቻቸውና የልጅ ልጆቻቸውም እየጨመሩበት ሄዱ። እንግዲህ አባቶቻችን የሚያውቁት ሁለት ዓይነት ማደሪያ ነበር፤ አንዱ የሚሄድ፥ አንዱ የሚቆም። ተሳቢ ቤት በሁለቱ መካከል የገባ ሦስተኛ ነው። የድንኳኑን እግርና የግንቡን ግድግዳ አንድ ላይ ሊይዝ ይፈልጋል፤ ነገር ግን እግሩ ጎማ ስለ ሆነ መንገድ ከሌለ መሄድም መቆምም ይቸግረዋል።

ጎማ በደጋችን ላይ ምን ያህል ዋጋ እንደሚያስከፍል የሚያሳይ ምስክር አለን። ዐፄ ቴዎድሮስ በጋፋት ያሠሩትን 7 ቶን ገደማ የሚመዝን ሴባስቶፖል የተባለ መድፍ በሠረገላ አስጭነው በጥቅምት 1867 ከደብረ ታቦር ሲነሡ፥ መቅደላ የደረሱት በመጋቢት 1868 ነው። ንጉሡ ራሳቸው እየመሩ፥ ሠራዊቱ ድንጋይ እየፈነቀለና ገደል እየደለደለ መንገድ መሥራት ነበረበት። በዚያው ጊዜ ከባሕር ጠረፍ የመጣው የእንግሊዝ ጦር ደግሞ የተራራ መድፎቹን እየፈታታ በበቅሎ ጫነ፤ ከባዶቹን በ44 ዝሆኖች አመጣ። ከዚህ የምንማረው ይህ ነው፤ የሚፈታታና በከብት ጀርባ የሚጫን ነገር ባለው መንገድ ያልፋል፤ ጎማ ያለው ነገር ግን መንገዱን ራሱ ይጠይቃል።

3ኛ፤ መንገዱ እስከ የት ይደርሳል?

ከጎንደር እስከ ደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። እስከዚህ ድረስ ተሳቢ ቤት ሊጎተት ይችላል። የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጽሕፈት ቤት በደባርቅ ስለ ሆነ ፈቃድ የሚወሰደውና ጠባቂ የሚመደበው እዚያ ነው። ከደባርቅ ወደ ፓርኩ የሚወጣው መንገድ በሳንቃ በር አድርጎ ወደ ጨነቅ ይሄዳል፤ ከዚያም የቧሂትን መተላለፊያ አልፎ ወደ ጃን አሞራ ይወርዳል። ይህ መንገድ ጠመዝማዛና አቀበት የበዛበት ነው፤ ዝናብ ሲዘንብ ጭቃው ብርቱ ነው። ተሳቢ የሚጎትት ሹፌር ከፊቱ የጭነት መኪና ቢመጣበት በገደል ጠርዝ ላይ ወደ ኋላ መመለስ አለበት። ተሳቢን ወደ ኋላ ማስኬድ ደግሞ በሜዳ ላይ እንኳ ልምድ ይጠይቃል። ከደባርቅ ወደ ሰሜን፥ ወደ አዲ አርቃይ የሚወርደውን የሊማሊሞን ጠመዝማዛ ላየ ሰው ይህን ማስረዳት ትርፍ ነው። ቁልቁለት ላይ ተሳቢው መኪናውን ይገፋል፤ ፍሬንም ይግላል።

ሞተሩም ይደክማል። አየሩ ሲሳሳ ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ አንድ አሥረኛ ያህል ያጣል፤ በ3,600 ሜትር ላይ ሲሦው ቀርቷል ማለት ነው። መኪናው ጉልበት በሚያጥረው ስፍራ ላይ ሌላ 700 ኪሎ ማስጎተት ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን ይህ ነው፤ ለተፈጥሮ ጥናት ዋና የሆነው የግጭ አምባ ከመኪና መንገድ ውጭ ነው። ጅብራው በሰፊው የበቀለበትን የጓሳ ሜዳ፥ ጭላዳው በመንጋ የሚግጥበትን ጠርዝ፥ ወደ እሜት ጎጎ የሚወስደውን መንገድ ለማየት የሚሻ ተማሪ ከሳንቃ በር በእግሩ መሄድ አለበት። ተሳቢው ቤት በመንገዱ ላይ ይቀራል። ስለዚህ ተሳቢ የያዘ ቡድን ወይ ማታ ማታ ወደ ተሳቢው ለመመለስ ሲል የሚያየውን ያሳንሳል፤ ወይም ተሳቢውን ትቶ ድንኳን ይሸከማል።

4ኛ፤ ስለ ብርድና ስለ ከፍታ

«በድንኳን ብናድር ብርድ ይገድለናል» የሚሉ አሉ፤ ክርክራቸው በቀላሉ የሚጣል አይደለም። ጎንደር 2,100 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ናት፤ ጨነቅ ከ3,600 ሜትር በላይ ነው። በየ1,000 ሜትሩ ሙቀት 6 ዲግሪ ያህል ስለሚቀንስ፥ ጎንደር ላይ ጋቢ የሚበቃው ሰው ጨነቅ ላይ 9 ዲግሪ የበለጠ ብርድ ያገኘዋል። በበጋ፥ ሰማዩ በጠራበት ሌሊት፥ ውርጭ ይወርዳል፤ ውሃ በረዶ ይሠራል።

ነገር ግን በሜዳ የሚያድርን ሰው ከአየሩ ይልቅ የሚጎዳው መሬቱ ነው። ስለዚህ የደጋው ሰው ከዱሮ ጀምሮ የሚያውቀው መድኃኒት አለ፤ አጎዛና ቁርበት። አጎዛ ከበታች፥ የመኝታ ከረጢት ከላይ፥ በርኖስ ወይም ጋቢ በተጨማሪ የያዘ ሰው በደኅና ድንኳን ውስጥ ያድራል። ብርዱን ፈርቶ ከሰል ወደ ድንኳን ወይም ወደ ተሳቢ ቤት ማስገባት ግን ፈጽሞ የተከለከለ ይሁን። የከሰል ጢስ ባይታይም መርዙ ሽታ የለውም፤ የተኛውን ሰው ሳያስነቃው ይገድለዋል። በዚህ ረገድ ግድግዳው ጥብቅ የሆነው ተሳቢ ቤት ከሸራው ይልቅ ያሰጋል።

ስለ ከፍታ ደግሞ ከዚህ የሚከብድ ነገር አለ። ከ3,000 ሜትር በላይ የሚወጣ ሰው የሚያድርበትን ስፍራ በየሌሊቱ ከ500 ሜትር የበለጠ ባያሳድግ መልካም ነው። ደባርቅ 2,850፥ ሳንቃ በር 3,250፥ ግጭ 3,600 ሜትር ያህል ናቸው። በቅሎ ጭኖ በእግሩ የሚሄድ ቡድን ሳያስበው በዚሁ ልክ እየወጣ ሰውነቱን ያለማምዳል። በመኪና የሚሄደው ግን ማለዳ ከጎንደር ተነሥቶ ማታ ጨነቅ ሊያድር ይችላል፤ በአንድ ቀን 1,500 ሜትር ወጣ ማለት ነው። ራስ ምታት፥ ማቅለሽለሽና እንቅልፍ ማጣት ያገኘዋል። ሕመሙ ከጠና፥ ቆሞ መሄድ ካቃተው ወይም ተቀምጦ ሳለ ትንፋሽ ካጠረው፥ ሌሊትም ቢሆን ወደ ታች መውረድ እንጂ እስኪነጋ መጠበቅ አይገባም። የበቅሎው ዝግታ መድኃኒት ነው የምንለው ስለዚህ ነው።

5ኛ፤ ሒሳቡ

12 ተማሪዎች ለ4 ቀን ወደ ግጭ ይወጣሉ እንበል። ሁለት ሁለት ሰው በሚያሳድር ተሳቢ 6 ተሳቢና 6 ጎታች መኪና ያስፈልጋል፤ አራት አራት ሰው በሚያሳድረው ትልቅ ዓይነት እንኳ 3 ተሳቢና 3 ብርቱ መኪና ግድ ነው። ለድንኳኑ ግን ጭነቱ እንዲህ ነው፤

6 ድንኳን፥ እያንዳንዱ 4 ኪሎ፤ 24 ኪሎ።
12 የመኝታ ከረጢት፥ እያንዳንዱ 2 ኪሎ፤ 24 ኪሎ።
12 አጎዛ፥ እያንዳንዱ አንድ ኪሎ ተኩል፤ 18 ኪሎ።
ስንቅ፥ ለአንድ ሰው በቀን ሦስት ሩብ ኪሎ፤ 36 ኪሎ።
የጋዝ ምድጃ፥ ድስት፥ ገመድና የመድኃኒት ሣጥን፤ 18 ኪሎ።

ጠቅላላው 120 ኪሎ ነው፤ ይህም ለ3 በቅሎ 40 ኪሎ ይደርሳል። ልብሱንና ደብተሩን እያንዳንዱ ተማሪ በጀርባው ይይዛል። የበቅሎው ኪራይ ደግሞ ለደባርቅና ለአካባቢው ባለ በቅሎ ገቢ ነው፤ ባለ በቅሎውም አገሩን ያውቃል፤ ደመናው ከየት እንደሚነሣና ምንጩ የት እንዳለ ከእርሱ እንማራለን። ለጥናት የሄደ ሰው ይህን ትምህርት በመኪና መስኮት አያገኘውም።

ስለ ስንቁም አንድ ቃል እንጨምር። በ3,600 ሜትር ላይ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ88 ዲግሪ ገደማ ነው። ስለዚህ ባቄላና ሽምብራ ነዳጅ ይጨርሳሉ እንጂ ቶሎ አይበስሉም። በሶ፥ ቆሎ፥ ዳቦ ቆሎና ሽሮ የተመረጡ ናቸው። በፓርኩ ውስጥ እንጨት መቍረጥ ስለማይገባ ነዳጅን መቈጠብ ግዴታም ነው።

6ኛ፤ ተሳቢው የሚሻልበት ጊዜ

ተሳቢውን ፈጽሞ አንነቅፈውም። መንገዱ ጥሩ በሆነበት፥ ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር ወይም ወደ ጣና ዳር ለሚሄድ፥ በተለይም ሽማግሌ ወይም ሕፃን ለያዘ ቤተ ሰብ መልካም ማደሪያ ነው። በአንድ ስፍራ ብዙ ሳምንት ተቀምጦ የጤና ወይም የግብርና ጥናት ለሚያደርግም መዝገቡንና መሣሪያውን የሚቈልፍበት ቤት ይሆንለታል። ጎንደር ላይ በ1954 የተከፈተው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተማሪዎቹን ወደ ገጠር ጤና ጣቢያ እየላከ በቡድን ማሠልጠኑ የታወቀ ነው፤ ለእንዲህ ያለው በአንድ ስፍራ ለሚቆም ሥራ ጎማ ያለው ቤት ሊታሰብ ይችላል። ወደ ግጭ አምባ ግን አይደለም።

7ኛ፤ ድንኳን ለመረጠ ቡድን

ሀ) ከሁሉ አስቀድሞ የአገሩን ሰላም መጠየቅ ያስፈልጋል። በ2023 በአማራ ክልል የተነሣው ግጭት ብዙ ጉዞ አሰናክሏል፤ ስለዚህ ከጎንደርም ከደባርቅም ሳያረጋግጡ መነሣት አይገባም።
ለ) ድንኳኑን በጎንደር ሜዳ ላይ አንድ ጊዜ ተክሎ መፈተን፤ የጠፋ ካስማ የሚፈለገው በከተማ ነው።
ሐ) በተፈቀደው ሰፈር ብቻ መትከል፤ ከገደል አፋፍና ከጎርፍ መውረጃ መራቅ። መሬቱ ድንጋያማ ከሆነ ካስማውን በድንጋይ መጫን።
መ) የድንኳኑን መተንፈሻ ሌሊት አለመዝጋት፤ ከተዘጋ የትንፋሽ እርጥበት ሸራው ላይ ጤዛ ሆኖ ልብስ ያረጥባል።
ሠ) ስንቅን በተከደነ ዕቃ ማኖር፤ ቁራና አይጥ በሰፈሩ ይዞራሉና። ቆሻሻን መልሶ ወደ ደባርቅ ማምጣት።

እንግዲህ ነገሩን ስንጠቀልለው እንዲህ ይሆናል። ማደሪያ ሲመረጥ የመጀመሪያው ጥያቄ «ምን ያህል ይመቻል?» ሳይሆን «የመጨረሻው መንገድ ምን ይቀበላል?» የሚለው ነው። የስሜን የመጨረሻው መንገድ የሚቀበለው እግርንና ሰኮናን ነው። የማኅበራችን ገንዘብ ጥቂት ስለ ሆነ ድንኳን እንምረጥ የሚል ካለ እውነት ብሏል፤ ነገር ግን ገንዘቡ ቢበዛም ምርጫው ያው ነው። የተረፈውን ገንዘብ ለወፍራም አጎዛ፥ ለጥሩ የመኝታ ከረጢትና ባቋራጭ ለማይቸኵል አንድ ተጨማሪ ቀን እናውለው፤ የተጓዡን ጤንነት የሚጠብቁት እነዚህ ናቸውና።