ለእህቴ ልጅ፣ ስለሚመጣልህ ቲዩብ አምፕሊፋየር

አክስትህ ከዋሽንግተን በመንገደኛ እጅ ቲዩብ አምፕሊፋየር ልትልክልህ እንደሆነ እናትህ ነገረችኝ። አንተም «ጋሼ፣ ምን ላዘጋጅ?» ብለሃል። ሬድዮ ሲጠግን ያረጀ አጎት ያለው ልጅ ሳይሰካ በፊት መጠየቁ ደግ ነው። በስልክ የማይያዝ ነገር ስለሆነ ቁጥር እየሰጠሁ ጻፍኩልህ። ሐሳቤ በአጭሩ ይህ ነው፦ ገንዘብህንም ልፋትህንም በዕቃው ዙሪያ ላለው አውለው፤ ለመብራቱ፣ ለስፒከሩ፣ ለክፍሉ፣ ለምትሰማው ዜማ። ዕቃውማ ተሠርቶ ያለቀ ነው።

1. ጀርባው ላይ የተጻፈውን ሳታነብ አትሰካ። የአሜሪካ መብራት 120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ ነው፤ የእኛ 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ። ጀርባው «120» ብቻ የሚል ከሆነና በቀጥታ ከሰካኸው፣ ፊውዙ ቶሎ ካልደረሰልህ ትራንስፎርመሩ ይቃጠላል። ቮልቱን የሚያወርድ ትራንስፎርመር መርካቶ ታገኛለህ፤ ግን እሱ ኸርዙን አይለውጥም። ለ60 ብቻ ታስቦ የተጠቀለለ ትራንስፎርመር በ50 ሲሠራ የበለጠ ይግላል። ስለዚህ አክስትህ ገና ካልገዛችው ዛሬውኑ ደውልላት፤ ከ220 እስከ 240 የሚሠራውን ወይም ቮልቱ የሚመረጥበትን ትግዛ። ከዱባይ ወይም ከቻይና የሚመጡት አብዛኞቹ እንዲህ ያሉ ናቸው።

2. ሰፈራችሁ ቀራንዮ ላይ የዚህ ዕቃ ትልቁ ጠላት መብራቱ ነው፤ እዚህ ላይ ብዙ ብናገር ታገሠኝ። ቲዩብ ማለት አየሩ ተመጥጦ የወጣለት ብርጭቆ ነው። ውስጡ ያለው ክር ሲግል ካቶዱ ኤሌክትሮን ይለቃል፤ ሙዚቃው የሚያዝዘው ያንን የኤሌክትሮን ጅረት ነው። ክሩ የሚፈልገው አብዛኛውን ጊዜ 6.3 ቮልት ሲሆን፣ 10 በመቶ ቢጎድልም ቢተርፍም ይችለዋል። ወደ ግድግዳው ሶኬት ስንመልሰው ከ198 እስከ 242 ቮልት ባለው ውስጥ ሰላም ነው ማለት ነው። አሁን ሰፈሩን አስብ። ከቅዳሜ በፊት ባለው ምሽት ጎረቤቱ ሁሉ የኤሌክትሪክ ምጣዱን ያበራል፤ መስመሩ 180 ወረደ እንበል። ክሩ የሚደርሰው 5.2 ገደማ ነው፤ ድምፁ ይደክማል፣ እንዲህ ሲውል ሲያድር ካቶዱ ይጎዳል። ሌሊት ሰው ሁሉ ሲተኛ መስመሩ 250 ከወጣ ደግሞ ክሩ 7.2 ያገኛል፣ ዕድሜውም ያጥራል። አዲስ ቲዩብ በየዓመቱ የሚገዙ ሰዎች ቲዩቡን ይረግማሉ፤ ጥፋቱ ግን የግድግዳው ነው።

ስታብላይዘሩን ከአምፕሊፋየሩ በፊት ግዛ። 35 ዋት ድምፅ የሚሰጥ ቲዩብ አምፕሊፋየር ከመስመሩ 200 ዋት ገደማ ሊስብ ይችላል፤ ምክንያቱም የሚበዛው ወደ ሙቀት ነው የሚሄደው። ደህና የሆነ የ1000 ቪኤ ስታብላይዘር ይበቃዋል፤ ከፍሪጅ ጋር በአንድ ዲቫይደር አታጋራው። መብራት ሲጠፋ ተነስተህ ማጥፊያውን ዝጋ። «ይመጣል» ብለህ ክፍት አትተወው፤ የሚጎዳው ሲመጣ የሚመታው ነውና። ከመጣ በኋላም ጥቂት ደቂቃ ጠብቅና አብራ።

የመሬት ገመዱን ነገር እናትህ ቤት ውስጥ በኤሌክትሪሺያን አስመርምር። የሰፈራችሁ አሮጌ ቤቶች ሶኬታቸው ሦስት ቀዳዳ ቢኖረውም ሦስተኛው ከየትም ያልተያያዘ ነው። መሬት የሌለው ቤት ውስጥ ስፒከሩ ያለማቋረጥ ሊያጉረመርም ይችላል። እሱስ ይቻላል፤ የማይቻለው የብረት ሳጥኑ ኤሌክትሪክ የያዘ ዕለት በነካው ሰው በኩል ወደ መሬት መውረዱ ነው።

3. ስፒከር ሳታያይዝ አታብራ። ለአንድ ደቂቃም «ልሞክረው» አትበል። የቲዩብ አምፕሊፋየር የመውጫ ትራንስፎርመር ጭነት ሲያጣ ውስጡ ከባድ ቮልቴጅ ተነስቶ ሽቦውን ሊያቃጥለው ይችላል። የዚህ ዕቃ ውዱ ክፍል እሱ ነው።

4. እናትህ ዳንቴል ልታለብሰው ትሞክራለች። አውቃታለሁ፤ ቴሌቪዥኑንም ስልኩንም አልብሳለች። በፍቅር እምቢ በላት። ቡፌው ውስጥም አታስገባው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ስለሆነች አየሩ በአንድ አምስተኛ ገደማ የሳሳ ነው፤ የሳሳ አየር ደግሞ ሙቀት የማንሳት ኃይሉ ያንሳል። ፋብሪካው «በየጎኑ 10 ሳንቲሜትር ተው» ካለ አንተ 20 ተው፣ ከላይም ክፍት ይሁን። ብርጭቆው እጅ የሚያቃጥል ነው፤ የእህትህ ሕፃን መዳህ ከጀመረ የብረት መከላከያ ሽፋኑን አታውልቅ፣ ቁመና ቢያሳጣውም። ክረምት ላይ ግን ይህ ሙቀት ሳሎናችሁ ውስጥ የሚጠላ አይደለም።

5. ዋት አያታልህ። 300ቢ በምትባለው ቲዩብ የተሠራ ነጠላ አምፕሊፋየር 8 ዋት ያህል ብቻ ነው የሚሰጠው፤ ኢኤል 34 በጥንድ የሚሠራበት ከ30 እስከ 40 ዋት ይደርሳል። የሰርግ ድንኳን የለመደ ሰው 8 ዋት ሲሰማ ይስቃል። ስፒከሩን ሳያይ ነው የሳቀው። ስፒከር ላይ በዲሲቤል የተጻፈ ቁጥር አለ፤ በ1 ዋት፣ በ1 ሜትር ርቀት ምን ያህል እንደሚጮህ ይነግርሃል። 84 የሚለው ስፒከር 90 ከሚለው ጋር እኩል እንዲጮህ 4 እጥፍ ዋት ይጠይቃል። ስለዚህ ትንንሾቹን፣ ቄንጠኞቹን ተዋቸው፤ 90 እና ከዚያ በላይ የሆነ ሰፊ የእንጨት ሳጥን ፈልግ።

መርካቶ ምናለሽ ተራ አንዳንዴ የድሮ ትልልቅ ስፒከር ይወጣል። ስትሄድ በጣትህ የወረቀቱን ዳር ቀስ ብለህ ንካው። ዙሪያው ስፖንጅ ከሆነና እንደ ብስኩት ከተፈረፈረ ዋጋውን አውርደህ፣ ማሳደሻውን አስበህ ግዛ፤ ካልሆነም ተወው። ከዚያ በቀስታ ወደ ውስጥ ገፋ አድርገው፤ የሚፋቅ ድምፅ ከሰማህ የሽቦ ጥቅልሉ ተበላሽቷልና እንዳትገዛ። ጀርባው ላይ 4 ወይም 8 ኦም ይላል፤ አምፕሊፋየሩም 4 እና 8 የሚሉ መያዣዎች ስላሉት ቁጥሩን ከቁጥሩ ጋር አገናኝ። የገመዱን ነገር ሻጭ ሲያወራልህ ሻይህን ጠጣና ውጣ፤ ወፈር ያለ ተራ የመዳብ ገመድ ይበቃሃል።

6. ቆርቆሮ ጣሪያ ስር በሐምሌ ከሰዓት በኋላ ሙዚቃ መስማት አይቻልም። ዝናቡ ያሸንፋል። ድምፁን ብትጨምር ቲዩቡን ታደክማለህ እንጂ ዝናቡን አታሸንፍም፤ አጥፋውና ቡናህን ጠጣ። በበጋ ደግሞ የብሎኬት ግድግዳ ድምፅ ስለሚመልስ ምንጣፍ አንጥፍ፣ ወፍራም መጋረጃ ስቀል፣ ስፒከሮቹን ከግድግዳው ክንድ ያህል አርቅ። የጭቃ ቤት በዚህ በኩል የተሻለ ነበር፤ አያትህ ሳሎን ውስጥ የሬድዮው ድምፅ ለስላሳ የሚሆነው ለዚህ ነው ብዬ አምናለሁ።

7. ከሰው ጋር አትከራከር። «የቲዩብ ድምፅ እውነተኛው ነው» የሚልህም፣ «ተረት ነው» የሚልህም ይመጣል። በመለኪያ ከሆነ ደህና ትራንዚስተር ያሸንፋል፤ መዛባቱ ያነሰ ነው። ቲዩብ፣ በተለይ ነጠላው፣ ከራሱ ጥቂት ይጨምራል፤ ዘፋኙ የያዘውን ድምፅ አንድ ኦክታቭ ከፍ ብሎ በጣም በስሱ ይደግመዋል። ጆሮ ይህን አይጠላም። ከአቅሙ በላይ ሲገፋም ድንገት አይሰነጠቅም፣ ቀስ እያለ ይጠባል። ይህን ወደድከው? ጥሩ። ለመውደድህ ምስክር መጥራት አያስፈልግህም።

8. አሁን ወደሚጣፍጠው እንምጣ። የእኛ አገር የወርቅ ዘመን ሙዚቃ ከቲዩብ ጋር አብሮ የኖረ ነው። ከአዲስ አበባ እ.ኤ.አ. በ1963 ሥርጭት የጀመረው የብሥራተ ወንጌል ሬድዮ ማሰራጫ በትልልቅ ቲዩብ የሚሠራ ነበር፤ በየቤቱ መደርደሪያ ላይ የነበረው የእንጨት ሬድዮም እንዲሁ። እ.ኤ.አ. በ1969 ወጣቱ ዐምሃ እሸቴ፣ ሸክላ የማሳተሙን መብት ለመንግሥት የሰጠውን አዋጅ ሳይፈራ ዐምሃ ሬከርድስን ጀመረ፤ ዓሊ ታንጎ በካይፋ ሬከርድስ ተከተለው። የዓለማየሁ እሸቴ፣ የማሕሙድ አሕመድ፣ የሙላቱ አስታጥቄ ሥራዎች በእነዚያ ሸክላዎች ወጡ። ካሴት እስኪያባርራቸው ድረስ አሥር ዓመት እንኳን አልሞሉም።

ከእነዚያ ትንንሽ ባለ 45 ዙር ሸክላዎች ብዙዎቹ ሞኖ ናቸው። ስለዚህ መሀል ላይ ወንበር አስቀምጬ ካልተቀመጥኩ አትበል፤ ቡና የምታፈላዋም፣ በር ላይ የቆመውም እኩል ይሰማል። የሚያምረው መካከለኛው ድምፅ ነው፦ የጥላሁን ገሠሠ ጉሮሮ፣ ብዙነሽ በቀለ ዜማ ስታነሳ ያለው ትንፋሽ፣ ጌታቸው መኩሪያ ሽለላና ፉከራን ወደ ሳክስፎን ሲያመጣው። እዚያ ላይ ነው ቲዩብ ዋጋውን የሚያወጣው። ለታችኛው ድምፅ፣ ደረት ለሚመታው ለዘንድሮው ሙዚቃ፣ ጓደኛህ ቤት ያለው ትራንዚስተር ይሻላል፤ ይህን ብነግርህ አትከፋ።

ሁዳዴ ሲገባ የዓለሙ አጋን በገና አድርግ። በገና 10 አውታር አለው፤ በየአውታሩ ስር እንዝራ የሚባል ትንሽ ቁራጭ ቆዳ ስላለ ነው ያ የሚነዝረው ድምፅ የሚወጣው። ለአምፕሊፋየር ከዚህ የተሻለ ፈተና አላውቅም። እያንዳንዱ አውታር ንዝረቱን ለብቻው ይዞ ከተሰማህ ሁሉም ደህና ነው። ተደባልቆ አንድ ጩኸት ከሆነብህ ድምፁን ቀንስ፤ ቀንሰህም ካልጠራ የስፒከሩ ወረቀት ተቀዶ ይሆናል። ሌሊት ደግሞ የእማሆይ ፅጌ ማርያም ገብሩን ፒያኖ በጣም ዝቅ አድርገህ ስማ። ንጋት ላይ ከቀራንዮ መድኃኔዓለም የሚመጣው ድምፅ ማጉያ ሲጀምር ግን ዝጋ፤ በዚያ ሰዓት አንተ ተሸናፊ ነህ።

9. ስልክህን በብሉቱዝ ብታገናኘው አልቆጣህም፤ የአሁኑ ልጅ የሚሰማው ከዚያ ነው። የሸክላ ማጫወቻ ካገኘህ ግን በቀጥታ አትሰካው። ከመርፌው የሚወጣው 5 ሚሊ ቮልት ገደማ ነው፤ አምፕሊፋየሩ የሚጠብቀው ከዚያ በብዙ እጥፍ የሚበልጥ ነው፤ ስለዚህ የሚሰማ ከሆነም ቀጭንና በስ የሌለው ይሆናል። «ፎኖ» የሚል መግቢያ ከሌለው ፎኖ ፕሪአምፕ የምትባለዋን ትንሽ ሣጥን መሀል ላይ ጨምር።

10. ቡና መቆላት ሲጀመር አብራው፤ አቦል ሲቀዳ ሞቆ ይጠብቅሃል።

11. ቲዩቡን በዓይንህ አንብብ። ከውስጥ የሚታየው ብርቱካንማ የክሩ ብርሃን ጤና ነው። ብርጭቆው አካባቢ ስስ ሰማያዊ ጭላንጭል ብታይም አትደንግጥ። ውስጡ ያለው የብረት ሳህን ራሱ ቀይ ከሆነ ግን ዘፈኑ እስኪያልቅ አትጠብቅ፣ አጥፋ። ጫፉ ላይ ያለው የብር ቀለም ያለው ቅብ ነጭ ከሆነ አየር ገብቶበታል፤ ያ ቲዩብ አልቆለታል።

ትልልቆቹ እንደ አያያዛቸው ከ2000 እስከ 5000 ሰዓት ይሠራሉ። በየምሽቱ 2 ሰዓት ብትሰማ ሦስት ዓመት ገደማ ሳትነካቸው ትኖራለህ። ትንንሾቹ፣ ለምሳሌ ኢሲሲ 83፣ ከዚያ በጣም ይረዝማሉ። ዛሬ ቲዩብ የሚሠራ ፋብሪካ ጥቂት ነው፤ አብዛኞቹ በስሎቫኪያ፣ በሩሲያና በቻይና ያሉ ናቸው። መርካቶ ላይ ፈልገህ አታገኝምና አክስትህ አንድ ሙሉ ጥንድ ከአምፕሊፋየሩ ጋር ትላክልህ፤ በሻንጣ ሳይሆን መንገደኛው በእጁ ይያዘው። ጥንዱ ተመዝኖ የተጣመረ ይሁን። ስትቀይር ከቀዘቀዘ በኋላ፣ ብርጭቆውን ሳትጨምቅ፣ እግሩ አካባቢ ይዘህ ቀጥ አድርገህ አውጣው፤ አትጠምዝዘው።

12. ክዳኑን አትክፈት። ውስጡ ከ300 እስከ 450 ቮልት ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ አለ፤ ኮንደንሰሮቹም ከሶኬት ነቅለኸው እንኳ ያንን ይዘው ይቆያሉ። ዩቲዩብ ላይ አንዱ ፈረንጅ በካቻቢቴ ሲነካካው አይተህ እንዳትሞክር። ባያስ የሚባለው የቲዩቡ ልክ መስተካከል ካለበትም በቴስተር ነው። መንገደኛው የሚደርስበትን ቀን ንገረኝ፤ ቴስተሬን ይዤ ከአየር ጤና በመጀመሪያው ታክሲ እመጣለሁ።