ሸራውን እንደ ነፋሱ

ነፋስን እኛ ገበሬዎች እናውቀዋለን። በአውድማ ላይ ፍሬውን ከገለባው የሚለይልን እርሱ ነው። ውሃም ይስባል።

በ1960ዎቹ ዓመታት በኦሞ ወንዝ ዳር፣ በዳሰነች አገር፣ በሸራ የሚዞሩ የነፋስ መዘውሮች ተተክለው ነበር። ከወንዙ ውሃ እየሳቡ አትክልት አጠጡ። አሠራሩ የመጣው ከግሪክ አገር፣ ከቀርጤስ ደሴት ነው።

መዘውሩ እንደ ጋሪ ጎማ ዙሪያውን እንጨቶች አሉት። በየእንጨቱ ላይ ባለሦስት ማዕዘን ሸራ ይታሰራል። የሸራው ጫፍ በገመድ ወደሚቀጥለው እንጨት ይወጠራል። ነፋሱ ሸራውን ሲገፋው መዘውሩ ይዞራል፤ ፓምፑም ውሃ ይስባል።

ነፋሱ ሲደክም ሸራዎቹን በሙሉ እንዘረጋለን። ሲበረታስ? «ብዙ ነፋስ ብዙ ውሃ ነው» ብለን ዝም አንልም። የነፋስ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ሸራው ይቀደዳል፤ እንጨቱ ይሰበራል፤ አትክልቱም ውሃ አጥቶ ይደርቃል። ስለዚህ አስቀድመን መዘውሩን እናቆማለን። ከዚያም ሸራውን በእንጨቱ ላይ እንጠቀልላለን። ከሸራዎቹ ጥቂቱን ብቻ የምንጠቀልል ከሆነ፣ ፊት ለፊት ያሉትን ጥንድ ጥንድ አድርገን ነው። አለዚያ መዘውሩ ሚዛኑን ይስታል።

ጥያቄ፦ ነፋስ ሲበረታ ሸራው ለምን ይጠቀለላል?