የስኳር ሕመም ያለበት መምህር

ቅድመ ሁኔታን የሚያመለክቱ ሐረጎችን ከማጥናታችን በፊት ይህን ምንባብ በጥሞና አንብቡ።

ኢንሱሊን የሚወስድ መምህር ቀኑን የሚለካው በደወል ብቻ አይደለም። ይህ መድኃኒት በ1922 (እ.ኤ.አ.) በካናዳ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕመምተኛ ከመሰጠቱ በፊት፣ ያለ እርሱ መኖር የማይችል ሰው ማስተማር ይቅርና ጥቂት ዓመታት በሕይወት መቆየት እንኳ ያዳግተው ነበር። ዛሬ ሙሉ ክፍለ ጊዜውን ቆሞ ያስተምራል። ሆኖም መርፌውን ተወግቶ ምግቡ ከዘገየበት በደሙ ውስጥ ያለው ስኳር ከመጠን በታች ይወርዳል። ያን ጊዜ ላብ ያጠምቀዋል፤ ጠመኔ የያዘ እጁ ይንቀጠቀጣል፤ ንግግሩም ይኮላተፋል። ነገሩን የማያውቅ ተማሪ መምህሩ ሰክሮ የመጣ ይመስለዋል፤ እርዳታ በሚያሻው ሰዓትም ይስቅበታል። ስለዚህ ሕመሙን ከመሸሸግ ይልቅ ለርእሰ መምህሩና ለክፍል አለቃው አስቀድሞ ቢያስታውቅ ይበጀዋል። መዋጥ እስከቻለ ድረስ ሦስት ወይም አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጦ ማጠጣት፣ ሻል ሲለውም ምግብ ማብላት ይገባል። ራሱን ከሳተ ግን በአፉ ምንም ሳይሰጠው በፍጥነት ወደ ሐኪም ቤት ይወሰድ።

ማብራሪያ፦ «መዋጥ እስከቻለ ድረስ» የሚለው ሐረግ ቢወጣ በዐረፍተ ነገሩ ሰዋስው እንከን አይገኝበትም፤ ምክሩ ግን ሕመምተኛውን ሊያንቀው ይችላል። ብዙ ጸሐፊዎች እንዲህ ያለውን ሐረግ እንደ ትርፍ ቃል ቆጥረው ይቆርጡታል።

መልመጃ፦ ከምንባቡ ሁለት ሌሎች ቅድመ ሁኔታ አመልካች ሐረጎችን አውጡ። ቀጥሎም መምህሩ ለክፍል አለቃው የሚሰጠውን መመሪያ በአንድ አንቀጽ ጻፉ።